ከጅቡቲ እስከ ለገሃር

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር መግባት ነበረበት፤ ሆኖም ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለኩባንያው ኪስ የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እንዲያርፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ሜዳ ላይ ሲደርስ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ስሙ ግን አልያዘላትም፤ ድሬዳዋ ሆና ቀረች።

እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በድሬዳዋው ወርክሾፕ ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጫ ማሽን ላይ የሠራ ሰው ነው። እኛ ልጆቹም በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እየሮጥን ባቡር ስንቀበልና ስንሸኝ ነው ያደግነው። ዛሬ ስለዚህ ባቡር የሚጻፈውን ሳነብ አብዛኛው ወይ የነገሥታትና የኩባንያ ውል ብቻ ነው፣ ወይ «ድሮ ቀረ» የሚል እንጉርጉሮ ነው። መስመሩ የተዘረጋው ኃያላን መንግሥታት በሚሻኮቱበት ዘመን፣ ለእነሱ ጥቅም ነው። የእኛ የሆነው ግን በሠራተኛው እጅና በተሳፋሪው ድካም ነው። ይህ ሲነገር የማልሰማው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ ስዊሳዊ መሐንዲስ ሲሆን ወደ ሸዋ የመጣው ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ነው። ብዙ አገልግሏቸዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ ያስገባውም እሱ ነው። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የባቡር ኩባንያ እንዲያቋቁም የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡት፤ ሌዎን ሸፍኔ የተባለ ፈረንሳዊም ሸሪኩ ሆነ። በፈቃዱ ላይ መስመሩ በሦስት ተከፍሏል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ክፍል ከወረቀት አልወረደም።

የምኒልክን ችግር ለመረዳት የዚያን ዘመን ካርታ ማየት ይበቃል። ምፅዋ በጣሊያን፣ ዘይላ በእንግሊዝ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነበሩ። አገሪቱ ከባሕሩ ተቆርጣለች። ከጠረፍ ወደ ሸዋ ዕቃ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ነው፤ የሲራራ ነጋዴው ሳምንታት ይጓዛል፤ ቡናውና ቆዳውም በዚያው አኳኋን ይወርዳል። ባቡር ያስፈልጋል፤ ባቡሩ ግን የሚነሣው ከሰው ደጅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ፈቃዱንም ለፈረንሳይ መንግሥት ሳይሆን ለግል ኩባንያ መስጠታቸው ዝም ብሎ የሆነ አይመስለኝም።

ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ነው። መሬቱ ድንጋይና አሸዋ፣ ሙቀቱ የማይቻል፣ ውኃው ብርቅ። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ደግሞ ያለ ውኃ አንድ እርምጃ አይራመድም። ሠራተኛው ከየአገሩ የተሰባሰበ ነበር፤ የመናዊውም፣ ሶማሌውም፣ ጣሊያኑም፣ ግሪኩም፣ የእኛውም ሰው አለበት። የኢሳ ጎሳዎች መስመሩን በጦር ተቃወሙት። ይህን አንዳንዶች እንደ ሽፍትነት ሲጽፉት አዝናለሁ። ሐዲዱ ያለፈው በግጦሽ መሬታቸው ነው፤ ይዞት የመጣውም የግመል ኪራያቸውን የሚያስቀር ነገር ነው። እንጀራውን ሊወስዱበት የመጡትን ዝም ብሎ የሚያይ ማን ነው?

ኩባንያው ድሬዳዋ ሳይደርስ ገንዘቡ አለቀ። የእንግሊዝ ገንዘብ ገባበት። ፈረንሳይ መስመሩ ከእጇ እንዳይወጣ ሰግታ በ1894 ዓ.ም. ምኒልክን ሳታማክር ከኩባንያው ጋር ተዋዋለችና ድጎማ እየሰጠች በቁጥጥሯ ሥር አደረገችው። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደፊት እንዳይቀጥልም ከለከሉ። ባቡሩ ለዓመታት እዚያው ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን በጥቅም የሚከፋፍሉበትን ውል ሲፈራረሙ፣ እስከ አዲስ አበባ ያለው ባቡር የፈረንሳይ እንዲሆን በመካከላቸው ተስማሙ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ በአዲስ መልክ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ እሱም የጓድሎፕ ተወላጅ ነው። የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የተቋቋመው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ አቃቂ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ አላዩትም፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ በአውሮፓ የተለመደው ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ አጭር ጥምዝ ይችላል። ተራራ ሲያጋጥመው ተራራውን ከመቁረጥ ይልቅ ዞሮት ያልፋል፤ ስለዚህ ወጪው ያንሳል። ዕዳውን የሚከፍለው ተጓዡ ነው። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ብዙ አይጭንም፣ ጥምዝ ላይ ካልተጠነቀቁለትም ያጋድላል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለመድረስ ጅቡቲ ውስጥ በሆልሆል የብረት ድልድይ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋሽ ሸለቆ ድልድይ ያልፋል፤ መተሐራ ላይ ደግሞ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቆረጠ የበሰቃን ሐይቅ ይሻገራል። ሐይቁ በኋላ እየሰፋ መጥቶ ሐዲዱን ራሱን ሊውጠው ደርሶ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ የተነሣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። የአዋሽ ጣቢያ ሆቴል ስሙ የገነነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንጉሥም ይሁን ነጋዴ ማደሪያው እዚያው ነው። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የመጡት የአውሮፓ መሳፍንትና ጋዜጠኞች፣ እንግሊዛዊውን ደራሲ ኢቭሊን ዎን ጨምሮ፣ በዚሁ ባቡር ነው የገቡት። እንግዶቹ የወረዱበት የአዲስ አበባው ጣቢያ፣ ለገሃር፣ ያኔ አዲስ ነበር፤ በፈረንሳዊው ፖል ባሪያ ንድፍ ተሠርቶ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ሐዲድ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት ወሰዳቸው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ። ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ አርበኛው ዘርዓይ ደረስ በጣሊያኖች ላይ ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ በኋላ ተመልሶ አሁን ከቦታው አለ። ጣሊያኖች ሊቶሪና የምትባለዋን ፈጣን ባለ ሞተር ባቡር አመጡ። ከፈረንሳይዋ ጅቡቲ ጥገኝነት ለመላቀቅም በአሰብ በኩል የመኪና መንገድ ሠሩ፤ ያም ሆኖ ባቡሩን መተው አልቻሉም።

አሁን ወደ ወርክሾፑ ልግባ፤ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ እሱ ነው።

የባቡር ጎማ ላይ ላዩን ሲያዩት ክብ ብረት ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከሐዲዱ ጋር የሚገናኘው ፊቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ በኩል በትንሹ እየቀጠነ ይሄዳል። በውስጥ በኩል ደግሞ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ አለ። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክስል ላይ ተጣብቀው አብረው ነው የሚዞሩት። ጥምዝ ላይ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ብዙ መንገድ፣ በውስጥ ያለው ጥቂት መንገድ መሄድ አለበት፤ እኩል እየዞሩ ይህን የሚያደርጉት በዚያ ቅጥነት ምክንያት ነው። አክስሉ ወደ ጎን ትንሽ ሲንሸራተት አንዱ በወፍራም ፊቱ፣ ሌላው በቀጭኑ ይሄዳል። እንደኛ መስመር ጥምዙ አጭር ሲሆን ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ጠርዙ ሐዲዱን እየፋቀ ይሄዳል፣ እየሳሳ ስለት ይሆናል። ጠርዙ የሳሳ ጎማ ሐዲድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሐዲድ ላይ የወጣ ጎማ ደግሞ ፉርጎውን ይዞት ይወድቃል።

የአባቴ ሥራ ይህ እንዳይሆን ማድረግ ነበር። ያረጀው ጎማ ከነአክስሉ ወደ ትልቁ ቶርኖ ይመጣል፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ይላጣሉ። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ቢበልጥ ፉርጎው ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ብረቱ በቢላው ሲላጥ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ከግለቱም የተነሣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ምሳ ላደርስ ስሄድ ያንን ጥቅልል ብረት ማንሣት እወድ ነበር፤ አባቴ ግን «ተይው፣ ይቆርጥሻል» ይለኛል፤ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሣ። ሲጨርስ ማሽኑን አቁሞ የጎማውን ቅርጽ የሚለካበትን የብረት ልክ ያስጠጋና ከኋላው በመብራት ያየዋል። በልኩና በጎማው መካከል ብርሃን ካለፈ ሥራው አላለቀም። በፈረንሳይኛ ይቆጥራል፣ በአማርኛ ይቆጣል፣ ከጎኑ ላለው ጓደኛው በኦሮምኛ ያወራል፣ ሶማሊኛም ይመልሳል። እዚያ ቤት ሁሉም እንዲሁ ነበር።

ከፍተኛዎቹ የኃላፊነት ቦታዎች ለረጅም ዘመን በፈረንሳዮች እጅ ነበሩ። ከዚራ በቀጥታ መንገዶቿ ተነድፋ ስትሠራ፣ ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ እንዳሻው አደገ። መኖሪያ ቤቱም ደሞዙም እንደ ዘሩና እንደ ማዕረጉ ነበር። የምድር ባቡር ሠራተኞች በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ድሬዳዋ ላይ ያቋቋሙት ይህ ስላንገፈገፋቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያው እኩል ባለቤት ሆነች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም አዲስ አበባ መጣ። ወርክሾፑ ውስጥ ግን የእጅ ሙያው ቀድሞ ተላልፎ ነበር። ከውጭ አልመጣ ያለውን ዕቃ እዚያው ያቀልጡታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ይልጡታል። ባቡር መሥራት የማይችል ሕዝብ ነው ለሚለን መልሱ ያ ቤት ነው፤ ማሽኖቹም ዛሬ ድረስ እዚያ አሉ።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ሌላ ዓለም ነበር። ከአዲስ አበባ በኩል ስትመጡ በየጣቢያው መስኮት ሥር የሚቆመው ሻጭ እንደ አገሩ ነው፤ መተሐራ ሸንኮራ፣ ኤረር ብርቱካንና መንደሪን። ከድሬዳዋ ወደ ታች፣ ከሽንሌ አልፎ አዲጋላንና አይሻን ይዞ ደወሌ ድረስ ግን የግመል ወተትና ኮንትሮባንድ ነው። ጫት ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮና ጫማ ይወጣል። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሴቲቱ በስልቻ የያዘችው ሁሉ ፊናንስ በሚባሉት የጉምሩክ ፈታሾች ስለሚወረስ ልብሱን የምታሳልፈው ለብሳ ነው፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ ሽርጥ በሽርጥ ላይ።

አንድ ጊዜ ከእናቴ ጋር ከዘመድ ጥየቃ ስንመለስ አጠገባችን የተቀመጠች ሴትዮ ፊናንሶቹ ሊገቡ ሲሉ ወደኔ ዞራ፣ «አንቺ የኔ እናት፣ አቦ ይቺን ሹራብ ልበሽልኝ፤ ልጅ አይነኩም» አለችኝ። እናቴን አየኋት። «ልበሽላት» አለች። ወፍራም የሱፍ ሹራብ ነበር። በዚያ ሙቀት ላቡ በጀርባዬ እየወረደ፣ ፈታሹ ፊቴን እያየ አለፈ። ድሬዳዋ ስንቃረብ ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ በየመስኮቱ ስልቻ ይወረወራል፤ ከታች የሚጠብቀው ዘመድ እያነሣ ይሮጣል። ሴትዮዋ ሹራቧን ተቀብላ ለእናቴ ሳሙና ሰጠቻት፤ እናቴ አልቀበልም ብላ ተከራከረች፤ በመጨረሻ ሳሙናው ቤታችን ገባ። ሕግ መጣሱን አላሞግስም። ግን ልጆቻቸውን በዚያ ባቡር ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። የምድር ባቡርን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እነሱን እንዳይረሳቸው እለምናለሁ።

በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ድልድዮቹ ፈነዱ፤ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። ጅቡቲም በሰኔ 1969 ዓ.ም. ነፃ ወጥታ ስለነበር፣ በ1973 ዓ.ም. ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሆነ። ከዚያ የጥር 1977 ዓ.ም. አደጋ መጣ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው የጫነው ባቡር አዋሽ አጠገብ ወደ ድልድዩ በሚወስደው ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደሉ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ጠባብ ሐዲድና አጭር ጥምዝ ያልኩት ለዚህ ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ፍጥነት ሕይወት ያስከፍላል። አባቴ ስለዚያ ቀን አውርቶ አያውቅም። በድሬዳዋ ሐዘን ያልገባበት ሰፈር አልነበረም።

መስመሩ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሠራ፤ ግን ሐዲዱ እያረጀ፣ መለዋወጫው እየጠፋ፣ የጭነት መኪናው እየበዛ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ቆመ። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ጥሩ ባቡር ነው፤ አገሪቱ ያስፈልጋታል። የእሱን ጎማ የሚልጥ ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ ስጠየቅ ግን ያ ወርክሾፕ ፊቴ ላይ ይመጣል። ሙያው እዚያ አለ፤ ጡረተኞቹ ግን ከዓመት ዓመት እያነሱ ነው። ማሽኖቹን ሙዚየም ማድረግ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆሞ እያሠራ ለወጣት መሐንዲስ ቢያሳይባቸው ግን ይሻላል። ቶርኖ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ድሬዳዋ የሄደ ሰው የድሮውን ጣቢያ በር አንኳክቶ ወርክሾፑን ለማየት ይጠይቅ። አባቱ ወይም አያቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ደግሞ በቤቱ ያለውን የሥራ መታወቂያ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ ወርክሾፑ በር ላይ የተነሡትን ፎቶግራፍ አይጣል። ከፎቶግራፉ ጀርባ የሰዎቹን ስም ይጻፍበት፤ ስማቸውን የሚያውቁት ገና በሕይወት ሳሉ። ከዚያም ኮፒውን ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይስጥ።